አንድ ጀሪካን ይዞ ተሳቢ መጎተት፦ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለያዛችሁ የጎንደር ሰዎች

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ይጎትታል?» ይሉኛል ተሳቢውን በእግራቸው ነካ እያደረጉ። አዘዞ ጎማ ቤት ስቆም ይጠይቁኛል፣ ማራኪ ስቆም ይጠይቁኛል፣ ቅዳሜ ገበያ እህል ሳወርድ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ይጎትታል። እንዲያውም ከዳገት ላይ ሲነሳ ከናፍጣው ይሻላል። ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ይደርሳል ወይ? ይቆማል ወይ?

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው በዝቷል። ፒክአፑም እየመጣ ነው። ፒክአፕ የያዘ ሰው ደግሞ ዛሬ ባይጎትት ነገ መጎተቱ አይቀርም። ስለዚህ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው። አትፍሩ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ጉልበት ችግር አይደለም

የናፍጣ ሞተር ቆሞ ጉልበት የለውም። ጉልበቱ የሚመጣው ሲዞር ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዛችሁ ስትነሱ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን ገና አልተነሳም፤ የሁለቱን ልዩነት የሚችለው ምስኪኑ ፍሪሲዮን ነው። ያቺን የተቃጠለ ሽታ የማያውቅ የጎንደር ሹፌር የለም። ኤሌክትሪክ ሞተር ፍሪሲዮን የለውም። ገና ሳይዞር ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል።

ከፍታውም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳር ካለው (ባሕር ዳር ከተማን ሳይሆን እውነተኛውን ባሕር ማለቴ ነው) አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር አየሩ ሲሳሳበት ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ቆላው መተማ ላይ የነበረው ጉልበት ደጋው ደባርቅም ላይ አለ። ሌላም ትርፍ አለን፦ የሳሳ አየር መኪናውን የሚገፋው በትንሹ ነው፤ ስለዚህ የንፋሱ ዕዳ እኛ ጋ ቀለል ይላል።

ባትሪው ግን አንድ ጀሪካን ነው

አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል በውስጡ አለው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት የቤታችሁ ቆጣሪ አንድ ብሎ የሚቆጥረው ነው። የናፍጣ ሞተር ከዚህ ውስጥ ጎማ ላይ የሚያደርሰው ሲሶውን ያህል ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ካወጣው 85 በመቶ ገደማውን ጎማ ላይ ያደርሳል።

አሁን 80 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አላችሁ እንበል። ጎማ ላይ የሚደርሰው 68 ነው። ናፍጣው ደግሞ በሊትር 3.3 ያህል ጎማ ላይ ያደርሳል። 68ን ለ3.3 ስታካፍሉት 20 እና ትንሽ ይመጣል። በቃ፣ ሙሉ ባትሪያችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ነው። ከዚህ በኋላ ለማንኛውም ጉዞ ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በናፍጣው ቢሆን ይህን ጭነት ይዤ፣ በአንድ ጀሪካን፣ ነዳጅ ማደያ ሳይኖር እሄድ ነበር ወይ?

እኔ ይሄን ካሰብኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያለ ጭነት መኪናው ጀሪካኗን በቁጠባ ነው የሚጠጣት፣ ስለዚህ አይታወቃችሁም። ተሳቢ ስትቀጥሉበት ትንሽነቷ ይገለጣል። አሜሪካኖቹ ጋ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒክአፕ እስከ 4.5 ቶን እንዲጎትት የተፈቀደለት ነው፣ ትልቁ ባትሪውም 131 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱ እንኳን ትልቅ ሳጥን ተሳቢ ሲቀጠልበት የሚሄድበት ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጉልበት አጥቶ አይደለም፣ ጀሪካኗ ስለምታልቅ ነው።

ሦስት በላተኞች

ባትሪያችሁን የሚበሉት ሦስት ናቸው፦ ጎማ፣ ንፋስና ዳገት። ከሦስቱ የሚገርመኝ ዳገት ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

አንድ ኩንታል ጤፍ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ስንት ኃይል ያስፈልጋል? 0.27 ኪሎዋት ሰዓት። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ከሆነ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለት እንጀራ ማለት ነው! ኩንታሉን ተሸክሞ የወጣ ሰው ቢሰማ ይናደዳል፣ ግን ሒሳቡ ይሄ ነው። ያው ቁጥር ለአንድ ቶን 100 ሜትር ይሠራል። ስለዚህ የማትረሱት ሕግ ይሄ ይሁን፦ *አንድ ቶን፣ አንድ መቶ ሜትር ሽቅብ፣ 0.27።* ቶኑን በመቶ ሜትሩ፣ ከዚያ በ0.27 ታባዛላችሁ፣ በመጨረሻ ለብክነቱ ለ0.85 ታካፍላላችሁ። ቶን ስል ጭነቱን ብቻ አይደለም። መኪናው ራሱ፣ እናንተ፣ ረዳቱ፣ ተሳቢው፣ ሁሉም ይወጣል።

ጎማው ዝምተኛ በላተኛ ነው። ጥሩ አስፋልት ላይ ከጠቅላላ ክብደታችሁ 1.2 በመቶ ያህሉን ኃይል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጎትታል። 3.5 ቶን ብትሆኑ ልክ 42 ኪሎ ነገር በገመድ ወደ ኋላ እንደተሰቀለባችሁ ቁጠሩት። ኮረኮንች ላይ ይሄ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም ይጨምረዋል፣ ስለዚህ የተሳቢውን ጎማ ጠዋት ሳይሞቅ አስለኩ። ሰው የመኪናውን ጎማ ያስለካል፣ የተሳቢውን ይረሳል። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ንፋስ ደግሞ በፍጥነት የሚቆጣ ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ንፋሱ የሚገፋችሁ አራት እጥፍ ነው። ከ60 ወደ 80 ስትጨምሩ ንፋሱ ብቻውን 78 በመቶ ያድጋል። ተሳቢ ላይ ደግሞ ቁመት ነው የሚገድለው። ጭነቱን ከመኪናው ጣሪያ በታች ካደረጋችሁት መኪናው በሰነጠቀው አየር ውስጥ ተደብቆ ይከተላችኋል። ከጣሪያ በላይ ከከመራችሁት ሌላ መኪና ጎን ለጎን እየነዳችሁ ነው ማለት ይቻላል። ሸራውንም ጥብቅ አድርጉ፣ የሚራገብ ሸራ ሁሉ በናንተ ባትሪ ነው የሚራገበው።

ደባርቅ ድረስ እንሥራው

መኪናው ባዶውን 2,300 ኪሎ። ሁለት ሰውና ዕቃ 200። ተሳቢው ባዶውን 400፣ በላዩ 6 ኩንታል። ድምር 3,500 ኪሎ። ተሳቢው ከነጭነቱ 1,000 ኪሎ መሆኑን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚታሰበው «ፒክአፕ አይደል፣ ሁለት ቶን አያቅተውም» ነው። ከኤሌክትሪክ ፒክአፖች ውስጥ ፋብሪካው ከአንድ ቶን በላይ እንዲጎትት ያልፈቀደላቸው አሉ፣ ማክሰስ ቲ90 ኢቪ አንዱ ነው። ሞተሩ ስለማይችል አይደለም ነገሩ፤ ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ ሻንሲው፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ አስቀድሞ ሥራ ይዘዋል። የመኪናችሁን መጽሐፍ አንብቡ። ቻይንኛ ከሆነ ስልካችሁ ይተረጉመዋል፣ ሰበብ የለም።

እሺ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ደግሞ በ700 ሜትር ያህል ይጨምራል።

በ60 ስትሄዱ ጎማው በኪሎ ሜትር 0.114 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ንፋሱ 0.077። ድምሩ 0.19፣ ለ0.85 ሲካፈል 0.225። ለ100 ኪሎ ሜትር 22.5 ማለት ነው። ዳገቱ፦ 3.5 ቶን በ7 መቶ ሜትር በ0.27፣ ወደ 6.6፤ ለ0.85 ሲካፈል 8 ገደማ። ደርሰናል፣ 30 ከፍ ብሎ። ግን መንገዱ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ መሰላል አይደለም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ወርዳችሁ ከመለሳችሁት ኃይል ሲሶ ያህሉ በመንገድ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ሌላ አራት አምስት እጨምርና 35 ብዬ እይዛለሁ። ከ80ው ባትሪ 45 ይቀራል። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ያግዛል፣ ዕቃውንም አውርዳችኋል። ደርሶ መልስ ይሆናል።

በ80 ብትሄዱስ? ንፋሱ ወደ 0.137 ይወጣል፣ ጉዞው በሙሉ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። መንገድ ላይ ያተረፋችሁት 25 ደቂቃ ነው። ያቺን 7 ኪሎዋት ሰዓት ከቤት ሶኬት በ3.5 ኪሎዋት ለመመለስ ግን ሁለት ሰዓት ትፈልጋላችሁ፣ ያውም መብራት ካልሄደ። 25 ደቂቃ ለማትረፍ ሁለት ሰዓት መክፈል ነው።

መተማ ሌላ ታሪክ ነው። ስትሄዱ ባዶ ሆናችሁ ቁልቁል፣ ስትመለሱ ሰሊጥ ጭናችሁ ሽቅብ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ 1,400 ሜትር መውጣት። በዚያው ክብደት በዚያው ሒሳብ ስትሠሩት ለመመለሻ ብቻ 60 ያልፋል፣ የመንገዱን መውጣት መውረድ ሳንቆጥር። ለክፉ ቀን 20 በመቶ ማስቀመጥ ካለባችሁ (ካለባችሁ አልኩ? አለባችሁ) ከ80 ውስጥ የምትጠቀሙት 64 ነው። ስለዚህ መተማ ላይ ጠግቦ የሚያድርበት ሶኬት ካላገኛችሁ በዚህ መኪና ተሳቢ ይዛችሁ አትውረዱ። ሙቀቱም አለ፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ከባትሪው ነው የሚጠጣው።

የተሳቢው አንገት ስንት ይመዝናል?

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰሞን የውሃ ፓምፕና አንድ ጄኔሬተር ጫንኩ። ከባዱን ጄኔሬተር ተሳቢው መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት፣ ለምን? ለማውረድ ይመቻል ብዬ። ወደ አዘዞ ስወርድ ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ከኋላዬ የሆነ ነገር መኪናዬን በጅራቱ ይዞ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ጀመረ። በመስታወት ሳየው ተሳቢው እስክስታ ይወርዳል። ደንግጬ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ (ነዳጅ ባይኖረውም ስሙ አልተቀየረም)። ባሰበት! በናፍጣው ለምዶብኛል፣ እግር ማንሳት ማለት መኪናውን ዝም ብሎ መልቀቅ ይመስለኛል። ኤሌክትሪኩ ላይ ግን እግር ማንሳት ፍሬን መርገጥ ነው። ሞተሩ ወዲያው ጄኔሬተር ይሆንና መኪናውን ይይዘዋል። ተሳቢው ግን ማንም አልያዘውም፣ ከኋላ መግፋቱን ይቀጥላል። እግዚአብሔር ይመስገን መንገዱ ባዶ ነበር።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ለመመለስ አትታገሉ። እግራችሁን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ... ቀስ... እያላችሁ አንሱ። ፍጥነቱ ሲወርድ ራሱ ይረጋል። በጭራሽ አፍጥናችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ።

ምክንያቱ ሚዛን ነው። ከተሳቢው ጎማ በስተኋላ ያለ ክብደት አንገቱን (ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን የፊት ዘንግ) ወደ ላይ ያነሳዋል። አንገቱ ሲቀል ተሳቢው መሪ አይሰማም። በጣም ሲከብድ ደግሞ የመኪናችሁን ጀርባ ይጫንና ፊቱን ያነሳል። ኳሷ (አንገቱ የሚያርፍባት የመኪናው መጎተቻ) ከኋላ ጎማው 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነች፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ደግሞ 3.1 ሜትር ካለ፣ አንገቱ ላይ ያለ 100 ኪሎ የኋላውን በ139 ኪሎ ይጫናል፣ ከፊተኛው 39 ኪሎ ያነሳል። መሪው ቀለለ ስትሉ ይሄ ነው ምክንያቱ።

ልኩ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ አካባቢ ነው፣ ፋብሪካው ከወሰነው ሳያልፍ። የኛ ምሳሌ 1,000 ኪሎ ስለሆነ አንገቱ ላይ 100 ኪሎ እንፈልጋለን። እንዴት ይለካል? እህል ተራ ሂዱ። ወለል ላይ የሚቀመጠውን የእህል ሚዛን ጠይቁ፣ ሰዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው ያግዛሉ። ተሳቢውን ከመኪናው ፍቱት፣ ግን አስቀድማችሁ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ከፊትም ከኋላም። ሚዛኑ ላይ ወፍራም እንጨት አቁሙ፣ ቁመቱ አንገቱ ኳሷ ላይ ሲያርፍ ካለው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ካጠረ ወይም ከረዘመ ተሳቢው ይዘምና ንባቡ ይዋሻል። አንገቱን እንጨቱ ላይ አሳርፉና አንብቡ። የእንጨቱን ክብደት መቀነስ አትርሱ።

60 ብቻ ካነበባችሁ ጭነቱን ወደፊት ግፉ። ከተሳቢው ጎማ እስከ አንገቱ ጫፍ 2.5 ሜትር ከሆነ አንድ ኩንታል 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ስትገፉ አንገቱ ላይ 12 ኪሎ ይጨምራል። ሦስት ኩንታል ብትገፉ 36። ሊደርስ ነው። አንዴ ካገኛችሁት ተሳቢው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሁለተኛ አትለኩም። ከዚያ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ መንገድ ላይ የሚንሸራተት ኩንታል ሥራችሁን ሁሉ ያበላሸዋል።

አነሳስና ዳገት

ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ሞተሩ ከዜሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ድንገት ከረገጣችሁት ጎማው ይፈትላል ወይም የተሳቢው መያዣ ይመታል። ክረምት ላይ የረጠበ ኮብልስቶን ዳገት ካላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ።

ዳገት ላይ ቆማችሁ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ነዳጅ መስጫውን በትንሹ እየረገጣችሁ አትያዙት። በናፍጣው ፍሪሲዮን ነበር የሚቃጠለው። እዚህ ደግሞ ሞተሩ ሳይዞር ትልቅ ከረንት እየበላ ይሞቃል። በፍሬን ያዙት።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ዳገቱን በኤሊ ፍጥነት መውጣት ሞተሩን አያሳርፈውም። ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት የሚመጣው ከሚሸከመው ጉልበት ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ በ10ም ሂዱ በ40 ያው ነው። በ10 ስትሄዱ ያንኑ ሙቀት አራት እጥፍ ጊዜ ይሸከማል። በጣም ስትፈጥኑ ደግሞ ባትሪው ነው የሚጨነቀው። በኛ ክብደት 8 በመቶ ዳገት በ40 መውጣት ወደ 35 ኪሎዋት ጎማ ላይ ይፈልጋል፣ ያ ለፒክአፕ ሞተር ቀልድ ነው። ከ40 እስከ 50 ጥሩ ነው። የሙቀት ምልክት ካያችሁ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ መኪናውን ግን ወዲያው አታጥፉት፣ ማቀዝቀዣው ይሥራ።

ቁልቁለት፦ አራት ጀሪካን ውሃ ማፍላት

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የወረደ ሰው ስለ ፍሬን ማብራሪያ አይፈልግም። ጣሊያን የቆረጠው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል።

3.5 ቶን 1,000 ሜትር ሲወርድ 9.5 ኪሎዋት ሰዓት ይለቀቃል። ሲሶውን ያህል ጎማና ንፋስ ይበሉታል። የቀረው 6.5 የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ፍሬን ላይ ከሄደ ወደ አራት ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛ አንስቶ እስኪፈላ የሚያሞቅ ሙቀት ነው (ጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑንም ቆጥሬ ነው)። ያ ሁሉ ሙቀት በአራት ፍሬን ሸራ ላይ! ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይላላል፣ ከዚያ... በቃ አንጨርሰው።

ኤሌክትሪኩ ግን ያን ኃይል ወደ ባትሪ መመለስ ይችላል። ከ6.5 ውስጥ 5 ገደማ ይመለሳል፣ የ80ው ባትሪ 6 በመቶ መሆኑ ነው። ሙቀቱ ፍሬኑ ላይ አያርፍም፣ ቻርጅ ደግሞ በነፃ። ከኤሌክትሪኩ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ የሚመጣውን ኃይል የት ያስቀምጠው? ጀሪካኑ ሞልቷል። መኪናው መያዙን ያቆምና ሁሉንም ለፍሬኑ ይተወዋል። ስለዚህ ደባርቅ አድራችሁ ጠዋት የምትወርዱ ከሆነ 85 ላይ ቻርጁን ንቀሉት። ሙሉ ሌሊት ሰክቶ 100 ማድረስ ጉብዝና አይደለም። ደባርቅ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቀዘቀዘ ባትሪም ቶሎ አይቀበልም። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ዝግ ብላችሁ ውረዱ፣ ሲሞቅ መያዙ ይጠነክራል።

እግር ስታነሱ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን ኃይል ጠንካራው ላይ አድርጉት፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ። ዝናብ ሲሆን ግን አሳንሱት። ብዙ ፒክአፕ የሚይዘው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። የኋላ ጎማ እየተያዘ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋ መንገዱም ካንሸራተተ መኪናው እንደ ሰንጢ ይታጠፋል።

የተሳቢው ፍሬን ነገርስ? በብዙ አገር ሕግ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ አያልፍም። እኛ ጋ በየጋራዡ የሚበየደው ተሳቢ ፍሬን ያለው ስንቱ ነው? በ60 እየሄዳችሁ መኪናው ብቻውን በ23 ሜትር ይቆማል እንበል። ክብደቱ ከመኪናው እኩል የሆነና ፍሬን የሌለው ተሳቢ ብትጎትቱ 46 ሜትር ይሆናል። 8 በመቶ ቁልቁለት ላይ 63። በዚህ ላይ እግራችሁ ፍሬኑ ጋ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ብትፈጁ 17 ሜትር ሄዳችኋል። ሰማንያ ሜትር። በግ ነጂ ሰማንያ ሜትር ላይ አይታያችሁም፣ ኩርባው ይከልለዋል። ለበያጁ የምትከፍሉትን አስቡና ፍሬን ያለው አሠሩ።

በገመድ መጎተት

ጭቃ የያዘውን መኪና በገመድ አውጡ ስትባሉ እሺ በሉ፣ ጉልበቱ አላችሁ። ግን ገመዱን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አስወጥሩት። ላላ ብሎ ሳለ ድንገት ከረገጣችሁ ገመዱ ይበጠሳል ወይ ጋንቾው ይነቀላል፣ የተበጠሰ ካቦ ደግሞ ሰው ይገድላል። ቆመው የሚያዩትን ሁሉ አርቁ፣ በተለይ ሕፃናቱን።

የእናንተው መኪና ሲቆም ግን በገመድ እንዲጎትቷችሁ አትፍቀዱ። ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፣ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያ ኃይል መሄጃ ሲያጣ ዕቃ ያቃጥላል። ሎቤድ (መኪና ጫኝ) ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ውድ ነው፣ አዎ።

ከመውጣታችሁ በፊትና አሥር ኪሎ ሜትር ላይ

ጠዋት ስትወጡ የባትሪውን መቶኛ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ኪሎ ሜትሩንም። መኪናው «ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» የሚለውን አትመኑ፤ የሚያወራው ትናንት ያለ ተሳቢ ስለነዳችሁት ነው። የጫናችሁትን አያውቅም። የተሳቢ ምልክት ያለው ሁነታ ካለው እሱን አብሩለት፣ ትንሽ ይሻላል።

አሥር ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙ። ገመዶቹን እንደገና ወጥሩ፣ መላላታቸው አይቀርም። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ተሳቢው ቸርኬ መሃል አስጠጉ፣ አትንኩ፣ አስጠጉ ብቻ። ለብ ያለ ከሆነ ሂዱ። አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ይዟል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን አትጀምሩት፣ አዙሩና ወደ አዘዞ ተመለሱ።